በሲፈን ካርድ ላይ ምን ይጻፍ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጠዋት፣ ቢሮ

ዛሬም የት/ቤቱ ሹራብ አሸነፈን። አንዱን እጅጌ አስገብተን ሌላውን ሳናስገባ ጮኸች። ገልብጬ ሞከርኩ፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ሲሆን ትንሽ ይሻላል። አንገቷ ጋ ሲደርስ ግን ያው ነው፣ እንደ ሳማ ትሸሸዋለች። በመጨረሻ በሸሚዝ ብቻ ሄደች። በዚህ በጥቅምት ብርድ። እኔ ጃኬት ላይ ነጠላ ደርቤ፣ እሷ በሸሚዝ። መንገድ ላይ ያየን ሰው ምን እንዳለ እሱ ይወቅ።

ደብተሬ፣ ሰሞኑን ስለሷ ብቻ ነው የምጽፍልህ፤ ቅር እንዳይልህ። ሲፈን የታላቅ ወንድሜ የለማ ልጅ ናት። ከመስከረም ጀምሮ ከመናገሻ መጥታ ቡራዩ እኔ ዘንድ ሆና አንደኛ ክፍል ትማራለች። ሰባት ዓመቷ ነው። “አዳዳ” ትለኛለች፤ በኛ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ብቻዬን ስኖር እዚያ ቤት ውስጥ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም። አሁን ከበር እስከ ጓሮ አዳዳ፣ አዳዳ።

የማትወደውን ሁሉ አወቅሁ ስል ሌላ ይመጣል። የሹራብ አንገት። ጸጉር መታጠብ። የታክሲ ረዳት ጩኸት። የት/ቤት ደወል። የሙዝ ሽታ። የምትወደው፦ ጋቢ ውስጥ አጥብቄ ጠቅልዬ ስጫናት፣ እንደገና ስትለኝ፣ እንደገና ስጫናት። ደግሞ መሽከርከር። እሷ ምንም አትልም፤ የሚያዞረኝ እኔን ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ይልማ የሕሙማን ካርድ ተሸክሞ ገባ። ልዝጋ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ከሰዓት በኋላ

ት/ቤት ተጠራሁ። ደወሉ ሲመታ ዴስክ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። ሊያወጣት የሞከረውን ልጅ ገፈተረችው፤ ጉልበቱ ተላጠ። ቲቸር ሄለን (የክፍሏ አስተማሪ) አልተቆጣችም፤ የደከማት ነው የምትመስለው። ስድሳ ልጅ ይዛ ማን አይደክመውም።

ዳይሬክተሩ ግን ወረቀት አምጪ አለኝ። የሐኪም ማስረጃ ካለ ቦታዋን መቀየር፣ ሹራቡንም መተው ይቻላል፤ ከሌለ ሁሉም ልጅ እንደ ሁሉም ልጅ ነው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ኦቲዝም ሳይሆን አይቀርም አለ። ምናልባት አዲስ አበባ ልዩ ክፍል ያለበት ት/ቤት ብትፈልጉላት ይሻላል አለ። ክፋት የለውም። ግን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስም አወጣላት።

ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም መጣ። የበሽታ ስም የኔ እንጀራ ነው። ሆስፒታል ካርድ ክፍል ቁጭ ብዬ ሐኪሞች የጻፉትን እያነበብኩ ለእያንዳንዱ ኮድ እሰጣለሁ። የሳምባ ምች ኮድ አለው። የውሻ ንክሻ ኮድ አለው። ከባጃጅ መውደቅ እንኳ የራሱ ኮድ አለው። የሲፈን ነገር የት እንደሚገባ ግን አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። ከሰዓት በኋላ

ዛሬ ዶ/ር ሰላማዊት አየቻት። የሕፃናት ሐኪም ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ጽሑፏን ለዓመታት ሳነብ ኖሬያለሁ፤ ሥራዋን አጠገቧ ተቀምጬ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

አልነካቻትም። ሲፈን ወንበሩ ላይ ስትሽከረከር ዝም ብላ አየቻት። ቀጥሎ እሷም በራሷ ወንበር ዞረች። ሲፈን ሳቀች። ከዚያ በኋላ ነው ጆሮዋ የታየው፤ እጇን መጀመሪያ ሲፈን ትከሻ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሳርፋ፣ አሁን ጆሮሽን ልነካ ነው ብላ ነግራ። አስነበበቻት፣ አስቆጠረቻት፣ ስለ ላማቸው አስወራቻት። አላበቃም ወሬው። ላሟ ማን እንደምትባል፣ ማንን እንደምትወድ፣ ማን ሲያልባት እንደምትራገጥ።

ውጤቱ፦ መስማቷ ደህና ነው። አእምሮዋ ፈጣን ነው። ዶ/ር ኦቲዝም አልመሰላትም፤ የሚቀር ነገር ስላለ አልደመደመችም። የሚታየው ድምፅና ንክኪ እሷ ዘንድ ሲደርስ ከሌላው ሰው እጅግ በርትቶ መድረሱ ነው አለች። እኔና አንቺ የሹራብ አንገት ለብሰን እንረሳዋለን፤ እሷ ቀኑን ሙሉ አትረሳውም። ሱሉልታ ወዳለ ቴራፒስት ላከችን።

ስንወጣ ሲፈን ዶክተሯ መቼ እኛ ቤት ትመጣለች አለችኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21። ምሳ ሰዓት

ማስታወሻው እኔ ኮምፒውተር ላይ መጣ። ስሟን ሳይ ደነገጥኩ። ሌላ ሰው የማይ መሰለኝ።

ችግሩ ይሄ ነው። ለዚህ ነገር ራሱን የቻለ መስመር የለም። የኮድ መጽሐፉን ብገልጥ፣ ሲስተሙን ብፈልግ፣ የለም። ሁለት በር ነው ያለው። አንዱ ኤፍ 88፣ “ሌላ የዕድገት መታወክ” የሚባለው። ሌላው በእንግሊዝኛው “አር” ፊደል የሚጀምረው፣ የምልክቶች ምዕራፍ፦ በሽታው ገና ስም ሳያገኝ የታየው ብቻ የሚጻፍበት።

እና የኛ ሲስተም ማስረጃ ሲያትም የምዕራፉን ስም ራስጌ ላይ ያወጣዋል። የኤፍ ምዕራፍ “የአእምሮና የባሕርይ መታወክ” ነው። ያን ወረቀት በሐሳቤ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አየሁት። ከዳይሬክተሩ ወደ ዘበኛው፣ ከዘበኛው ወደ ወላጆች። እጄ ወደ ምልክቶቹ ምዕራፍ ሄደ። ማን ያየኛል?

ይልማ አየኝ። የወንበር ጎረቤቴ ነው፣ ጠረጴዛው ከኔ ጋር ተጋጥሟል፤ ከሰበታ እየተመላለሰ ከኔ በፊት ቢሮ የሚገባ ሰው። የዘመድሽን ካርድ አንቺ አትሠሪም አለኝ። ልክ ነው። ሰጠሁት። እሱም በራሱ አልወሰነም፤ ዶክተሯ ጋ ደወለ። እሷም፦ ገና አልጨረስኩም፣ ዛሬ በእጄ ያለው ምልክት ነው፣ ምልክት ብላችሁ ጻፉ፤ የሱሉልታው ሪፖርት ሲመጣ ማስረጃውንም እናያለን።

ያው የምልክቶቹ ምዕራፍ ሆነ። ግን ልዩነት አለው። እኔ ስለፈራሁ ሳይሆን እውነቱ ዛሬ እዚያ ላይ ስለቆመ ነው። ይልማን ምሳ ጋበዝኩት። ሽሮ አዘዘ፤ ሌላው አልቆ ሳይሆን ወዶት።

እሑድ፣ ጥቅምት 23። አመሻሽ

መናገሻ ዋልን። ጤፉ ወርቅ ሆኗል፤ ነፋስ ሲነካው እንደ ውኃ ይሄዳል። ሲፈን ከታክሲ እንደወረደች ጫማዋን አውልቃ ሮጠች። እዚያ ሌላ ልጅ ናት። አትጮኽም፣ ጆሮዋን አትይዝም።

ለማ ግን ከበደኝ። ታላቄ ነው፣ ቃሉ ይከብደኛል። ሁሉንም ነገርኩት። አዳመጠ። ጭድ እያነሳ በጣቱ ሰበረ። በመጨረሻ፦

“ታደሉ፣ ያማታል ካልሽ አሳክሚያት። ስም አውጥተሽ እንዳትመልሽልኝ ግን።”

“ጋሼ፣ ትምህርት ቤቱ ወረቀት ካላየ አይረዳትም።”

“ወረቀቱ ነገ ከነገ ወዲያ የት እንደሚገኝ ታውቂያለሽ? ስታገባስ? ሥራ ስትፈልግስ?”

አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው።

ጫልቱ፣ ሚስቱ፣ ስትሸኘኝ ብቻ ተናገረች። ሲፈን አራስ ሳለች የምትተኛው ሁለት ትራስ መሃል ሲያጣብቋት ብቻ ነበር። ብትለቀቅ ትጮኻለች። ማንም አልጠየቀኝም እንጂ እኔ ያኔ ነው ያወቅሁት አለች። ሐሙስ ለዶ/ር እነግራታለሁ አልኳት። ደስ አላት፤ ፊቷ ላይ አየሁት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29። ማታ

ሱሉልታ ደርሰን መጣን። ከቡራዩ ዊንጌት፣ ከዊንጌት አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ዳገቱን። ሲፈን መንገዱን ሙሉ ፊቷን ደረቴ ውስጥ ቀብራ። ሱሉልታ ስንደርስ ብርዱ አናት ይበሳል። ሜዳው አረንጓዴ፣ ላሞች፣ በዳር በዳር የሚሮጡ አትሌቶች። ላሞቹን ስታይ ቀና አለች።

ቴራፒስቱ ናሆም ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ካልሲው ቀዳዳ አለው። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅሁት። ሰው የየዕለቱን ኑሮ እንዲኖር ማገዝ ነው አለ፤ መልበስ፣ መብላት፣ መጫወት፣ መማር። ክፍሉ ውስጥ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ዥዋዥዌ አለ፣ ባቄላ የሞላበት ከረጢት አለ፣ ወፍራም ፍራሽ አለ። ሲፈን ሕክምና መሆኑን እስካሁን አልነገርኳትም፤ አታምነኝም።

የተማርኩት፦ ከመልበሷ በፊት እጇንና ትከሻዋን ጠበቅ አድርጎ መጫን። ጸጉሯን በጣት ጫፍ አለመነካካት፤ ሙሉ እጅ ማሳረፍ። ድንገት አለመንካት። ሊጮኽ ያለውን ነገር አስቀድሞ መንገር። እስከ ዛሬ በርኅራኄ ቀስ ብዬ ስዳብሳት ነበር፤ ለካ የባሰው እሱ ነው።

ማታ ራቱን ሳንበላ ጸጉሯን አጠብኳት። አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች፤ እሱም ውኃው ቀዝቅዞ ነው። እኔም በቀዘቀዘ ውኃ እጮኻለሁ!

ዓርብ፣ ሕዳር 12። ከሰዓት በኋላ

ሁሉ ነገር ደህና ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልጻፍ።

ዛሬ ሕዳር ሲታጠን ነው። ቡራዩ ሙሉ ጭስ። ከት/ቤቱ አጥር ጀርባ የጎማ ቁራጭ ሳይቀር አቃጥለዋል። ሲፈን ክፍል ውስጥ አስመለሳት። ልጆቹ ሳቁ፣ በዚያው ደወል ተመታ። ዳቦ የሚያመጣው መኪና ሊገባ በሩ ተከፍቶ ነበር። ወጣች። ወደ አስፋልቱ።

እኔ የሰማሁት በስልክ ነው። ቢሮ ውስጥ ጫማዬን የት እንዳወለቅሁ አላገኘሁትም፤ በይልማ ነጠላ ጫማ ሮጥኩ። የሆስፒታሉ በር ላይ ስደርስ አንዲት ባጃጅ ቆማለች፣ የላስቲክ መጋረጃዋ ተዘግቶ። ሹፌሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ምሳ በልቶ ሲመለስ ከኋላ ወንበር ሥር ተኮራምታ አገኛት። አልጮኸም፣ አልጎተታትም። የማን ልጅ ነሽ ሲላት “አዳዳ ሆስፒታል” አለችው። መጋረጃውን እንደዘጋ፣ ቀስ ብሎ ነድቶ አመጣት። አንቺ ነሽ አዳዳ? አለኝ። አቀፍኩት። ያፈረ መሰለኝ።

ዳይሬክተሩ ደወለ። እሱም ደንግጧል። በአሥር ቀን ውስጥ ማስረጃ ካላመጣሽ ኃላፊነት አልወስድም አለ። ክፉ አልሆነብኝም። ልክ ነው።

ለለማ ደወልኩ። እመጣለሁ አለ። ጤፉ እየታጨደ።

ሐሙስ፣ ሕዳር 18። ከሰዓት በኋላ

ለማ መጣ። የበዓል ኮቱን ለብሶ። ሦስታችንም ዶ/ር ሰላማዊት ፊት ተቀመጥን፤ ሲፈን መሬት ላይ ትሥላለች።

የናሆም ሪፖርት ደርሷታል። የጫልቱንም ቃል ጨምራበታለች። አሁን እርግጠኛ ነኝ አለች። አስረዳችው፤ ያልገባውን እኔ በኦሮምኛ እጨምራለሁ። በካርዱ የሚገባው ኤፍ 88 ነው። የምዕራፉን ስም አልደበቀችውም፣ አነበበችለት። ለማ እጁን ከጉልበቱ አላነሳም።

“ዶክተር፣ ልጄ እብድ ናት ማለት ነው?”

“አይደለችም ኦቦ ለማ። መጽሐፉን የከፋፈሉት ሰዎች መማርን፣ መናገርን፣ የልጅ ዕድገትን ሁሉ እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ነው ያስገቡት። የመደርደሪያው ስም ነው እንጂ የልጅዎ ስም አይደለም።”

“ታዲያ ይሄን ልጆቹ ይሰሙታል?”

ይሄን ነበር ለካ የያዘው። ጋብቻም አይደለም፣ ሥራም አይደለም። የፈራው የነገ ጠዋቱን ክፍል ነው።

ዶ/ር ብዕሯን አስቀመጠች። ሁለት ወረቀት አለ አለችው። ካርዱ የኛ ነው፤ ነገ ሌላ ሐኪም ቢያያት ከዜሮ እንዳይጀምር ነው። የት/ቤቱ ደብዳቤ ሌላ ነው። አስተማሪ ኮድ ምን ያደርግላታል? የሚያስፈልጋት ምን ማድረግ እንዳለባት ማወቅ ነው። ኮድም የበሽታ ስምም የሌለበት ደብዳቤ እጽፋለሁ። ከሲስተሙ አላትምም፤ በእጄ ጽፌ ማኅተም አስደርጋለሁ።

ዓመታት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቼ፣ ለት/ቤቱ የሚሄደው ያው የሚታተመው ብቻ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ደስም አለኝ፣ ገረመኝም።

ለማ ካርዱን ማን ነው የሚያነበው አላት። ዶ/ር ወደኔ አመለከተች፤ እሷና ጎረቤቷ ይልማ። ለማ ዞሮ አየኝ። እንግዲያ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል በሉኛ! አለ። ሳቅን። ሲፈን ለምን እንደሳቅን ሳታውቅ ሳቀች።

ከዚያ በኦሮምኛ “ባሬሲ” አላት፣ ጻፊ ማለቱ ነው። ዶ/ር ትርጉሙን አልጠየቀችም፤ ጻፈች።

ዓርብ፣ ሕዳር 19። ቢሮ

ይልማ ኮዱን አስገባው። ወንበሬን አዙሬ ቆየሁ፣ ከዚያ ማየት ፈለግሁና አየሁ። ዝርዝሩ ውስጥ አንድ መስመር ናት። ከላይዋ ቶንሲል፣ ከታችዋ የተሰበረ ክንድ። ምንም አልሆነችም።

ዛሬ የሌሎቹን ልጆች ማስታወሻ እስከ መጨረሻው ሳነብ ዋልኩ። ዘገየሁ። ይልማ ዛሬ ልብ ወለድ ነው እንዴ የምታነቢው አለኝ።

ሰኞ፣ ሕዳር 22። አመሻሽ

ደብዳቤው ገባ። ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። አንድ ገጽ ነው። በሩ አጠገብ ትቀመጥ። ደወል ከመመታቱ በፊት ይነገራት። ከሹራቡ ይልቅ ተመሳሳይ ቀለም ያለው አንገተ ክፍት ጥጥ ልብስ ይፈቀድላት። ሲጨናነቅባት ለትንሽ ጊዜ ወጥታ የምትቀመጥበት ቦታ ይኑር። ድንገት አትነካ። በቃ። ይሄ ብቻ ነው? አለኝ። ይሄ ብቻ ነው አልኩት። የተገላገለ ነው የሚመስለው። እሱም ኃላፊነቱ ከብዶት ነበር፣ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው አጥቶ።

ቲቸር ሄለን ዛሬውኑ ጀመረች። ደወሉ ሊመታ ሲል ከሰሌዳው ሥር ሆና በዓይኗ ታያታለች፤ ሲፈን ጆሮዋን ትይዛለች፤ ይመታል፤ ያልፋል። ለሦስት ሌሎች ልጆችም ጠቀመ አለችኝ፤ እነሱም ጆሯቸውን መያዝ ጀመሩ! ጨዋታ ሆኗል።

የገፈተረችው ልጅ ማስቲካ ሰጣት። ማስቲካ ማኘክ ትወዳለች።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4። ከሰዓት በኋላ

ሱሉልታ። ዛሬ ለማም አብሮን ሄደ። አጨዳው አልቋል። ናሆም ዥዋዥዌው ላይ እርስዎም ይሞክሩ ሲለው እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ኮቱን አውልቆ ወጣ። ገመዱን አጥብቆ ይዞ፣ በጣም ቁም ነገር እንደሚሠራ ሰው። ሲፈን እየገፋችው።

ስንመለስ አዲሱ ገበያ ታክሲ ስንጠብቅ፣ ሰልፉ ረጅም፣ ረዳቶች እየጮኹ፣ ሲፈን ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆመች። ለማ ቁጢጥ ብሎ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። በኦሮምኛ ጠየቃት፤ ምን ይመስላል? ምን ይሰማሻል? ብሎ። እንዲህ ሲጠይቃት ሰምቼ አላውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ምን ይሻልሻል፣ ምን አስለቀሰሽ እላታለሁ እንጂ።

አሰበች። እጇን ከአንድ ጆሮዋ አንስታ ነገረችው።

“ዓይኔ መዝጊያ አለው። ጆሮዬ የለውም። ቆዳዬም የለውም።”

ለማ የኮቱን ሁለት ክንፍ ከፍቶ ውስጥ አስገባትና ጠበቅ አድርጎ ዘጋባት። ታክሲው እስኪመጣ እንደዚያው ቆዩ። ሰው ያያቸዋል፤ ግድም አልሰጠው።

አሁን ቤት ነን። እነሱ ጓሮ ናቸው። እኔ እያሰብኩ ነው። በእያንዳንዱ ካርድ የመጀመሪያ መስመር ላይ ታካሚው ራሱ የተናገረው ይጻፋል፣ በራሱ ቃል። የሲፈንን አስታወስኩት። “አክስቷ እንደምትለው” ይላል። ቀጥሎ “አስተማሪዋ እንደምትለው”። ከዚያ እናቷ። ሁላችንም ተናግረናል።

ሐሙስ ቀጠሮ አላት። ዶ/ር ሰላማዊትን እለምናታለሁ። የኔን ታውጣው፣ ወይም ወደ ታች ታውርደው። ከላይ፣ መጀመሪያው ላይ፣ የሲፈን ይግባ፤ እንደተናገረችው፣ ሳይቀየር። ራሷ ሲፈን ትንገራት። እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ።